የሕዝብ ገንዘብ የማንን መኪና ይግዛ?

ከሜልበርን፣ አውስትራሊያ



በስደት የምንኖር ኢትዮጵያውያን ብዕራችንን ስናነሣ አብዛኛውን ጊዜ የምንጽፈው ስለ ምርጫ፣ ስለ እሥርና ስለ ፍትሕ መጓደል ነው። ዛሬ ግን ከወትሮው ለየት ያለ በሚመስል ርእስ ላይ እንወያይ ብለን ተነሥተናል። ርእሱም መንግሥታት ለኤሌክትሪክ መኪና ገዢዎች ስለሚሰጡት ድጎማና በዚያው ልክ ለአውቶቡስና ለባቡር ስለሚነፍጉት ገንዘብ ነው። «ይህ ደግሞ ከፖለቲካ ጋር ምን ያገናኘዋል?» የሚል አንባቢ ቢኖር መልሳችን አጭር ነው፤ የሕዝብ ግምጃ ቤት ለማን እንደሚከፈትና በማን ላይ እንደሚዘጋ ከመወሰን የበለጠ ፖለቲካ የለም።

እኛ የሜልበርን ኢትዮጵያውያን ይህን ጉዳይ ከሁለት ወገን ለማየት የቻልን ሰዎች ነን። የምንኖርበት የቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት መንግሥትና የአውስትራሊያ ፌዴራል መንግሥት በአንድ በኩል፣ አገር ቤት ያለው መንግሥት በሌላ በኩል፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመሳሳይ ውሳኔ ወስነዋል። አንደኛው አገር ሀብታም ነው፤ ሌላው ድሃ። ሁለቱም ግን ለኤሌክትሪክ መኪና ሲባል ከሕዝብ ገንዘብ ላይ ቆንጥረው መኪና የመግዛት አቅም ላለው ሰው ሰጥተዋል። ትልቁ ልዩነት የታየው ከዚያ በኋላ ነው። በአንደኛው አገር ዜጋው ጠየቀ፣ ተሟገተ፣ ከሰሰ፤ በሌላኛው አገር ግን ዜጋው የተነገረውን ሰምቶ ዝም እንዲል ተጠበቀበት።

በቅድሚያ አቋማችን ግልጽ ይሁን። እኛ የኤሌክትሪክ መኪና ጠላቶች አይደለንም። የምድራችን ሙቀት እየጨመረ መምጣቱን፣ የነዳጅ ጢስ የልጆቻችንን ሳንባ እንደሚጎዳ፣ ኢትዮጵያም ለነዳጅ ግዢ የምታወጣው የውጭ ምንዛሪ ወገቧን እንዳጎበጠው እናውቃለን። ጥያቄያችን መኪናው በምን ኃይል ይንቀሳቀስ የሚል አይደለም፤ በሕዝብ ገንዘብ የሚንቀሳቀሰው ማን ነው የሚል ነው።

በአንድ እጅ መስጠት፣ በሌላ እጅ መንጠቅ

የቪክቶሪያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በሜይ 2021 አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ለሚገዛ ሰው 3,000 የአውስትራሊያ ዶላር መስጠት ጀመረ። ለድጎማው ብቁ የሚሆነው ዋጋው ከ68,740 ዶላር ያልበለጠ አዲስ መኪና ነበር። 20,000 መኪኖችን ለመደጎም የታሰበው ይህ ዕቅድ ጊዜው ሳይደርስ ጁን 30 ቀን 2023 ተዘጋ። የሚገርመው ደግሞ ያው መንግሥት ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤቶችን በነዱት በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 2.5 ሳንቲም ማስከፈሉ ነው። በአንድ እጁ ሰጠ፣ በሌላው ነጠቀ። ሁለት የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤቶች ጉዳዩን የአውስትራሊያ የመጨረሻ ፍርድ ሰሚ ወደ ሆነው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ወሰዱት። ፍርድ ቤቱም ኦክቶበር 18 ቀን 2023፣ በ4 ለ3 ድምፅ፣ ክፍለ ግዛቱ እንዲህ ያለ ቀረጥ የመጣል ሥልጣን የለውም ሲል ሕጉን ሻረው። ስለ ቀረጡ ጥሩነትና መጥፎነት ብዙ ማለት ይቻላል፤ ሁለት ተራ ዜጎች መንግሥትን ከስሰው መርታታቸውን ግን ልብ ይሏል። ወደዚህ ነጥብ እንመለስበታለን።

ለመሆኑ 3,000 ዶላር ምን ያህል ገንዘብ ነው? ድጎማው በተዘጋበት ዓመት መጀመሪያ ላይ፣ በሜልበርን ከተማ በባቡር፣ በትራምና በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ለመጓዝ የሚከፈለው ከፍተኛ ሒሳብ 9.20 ዶላር ነበር። ለአንድ መኪና ገዢ የተሰጠው ገንዘብ እንግዲህ አንድን ሠራተኛ 326 ቀን ያመላልሰው ነበር ማለት ነው። ቅዳሜና እሑድን ከሒሳቡ ብናወጣ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ሥራ አድርሶ ቤቱ ይመልሰዋል። ስልሳ ሺሕ ዶላር አውጥቶ አዲስ መኪና ለሚገዛ ሰው 3,000 ዶላር የዋጋ ቅናሽ ነው፤ በሌሊት የቢሮ ወለል ለምትወለውል እናት ግን የዓመት መንገድ ነው።

የፌዴራሉ መንግሥት ድጎማ ደግሞ ከዚህ ይረቃል። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2022 ጀምሮ፣ አሠሪ ለሠራተኛው ከደመወዝ ውጪ በሚሰጠው ጥቅም ላይ ይከፈል የነበረው ግብር ለኤሌክትሪክ መኪና እንዲቀር ተደረገ። ሠራተኛው የመኪናውን ኪራይና ወጪ ግብር ካልተከፈለበት ደመወዙ ላይ እያስቆረጠ ይከፍላል። ለዚህ ብቁ የሚሆነው መኪና የዋጋ ጣሪያም በ2024/25 የበጀት ዓመት 91,387 ዶላር ደርሶ ነበር። የዚህ አሠራር ምሥጢሩ እዚህ ላይ ነው፦ ደመወዙ ከፍ ባለ መጠን የሚቀርለት ግብርም ከፍ ይላል። በዓመት ከ190,000 ዶላር በላይ የሚያገኝ ሰው በጣሪያው ላይ ካለው ከእያንዳንዱ መቶ ዶላር 45 ዶላር ግብር ይቀርለታል። በ2024/25 የበጀት ዓመት ገቢው ከ45,000 ዶላር በታች ለሆነ ሰው ይቀርለት የነበረው ቢበዛ 16 ዶላር ነው፤ እሱም ቢሆን አሠሪው ቢፈቅድለትና መኪናውን ለመከራየት አቅሙ ቢኖረው ነው። ላለው የሚጨምር፣ ለሌለው የሚሰስት ድጎማ ማለት ይህ ነው።

ከዚህ ይበልጥ እኛን የሚመለከት ነገርም አለ። ከመካከላችን ስንቱ ነው ታክሲ እየነዳ፣ ቆየት ብሎም በኡበር እየሠራ ልጆቹን ያሳደገው! በሜልበርን መንገዶች ላይ ከማንም በላይ ብዙ ኪሎ ሜትር የሚነዳው እሱ ነው። የከተማውን ጢስ መቀነስ እውነተኛው ዓላማ ከሆነ፣ አስቀድሞ መደገፍ የነበረበት እሱ ነበር። ይሁንና ሹፌሩ ራሱን ቀጥሮ የሚሠራ እንጂ በሕግ ፊት «ተቀጣሪ» ስላልሆነ ይህ የግብር ነፃነት አይደርሰውም። እንደ ማንኛውም ነጋዴ የሥራ ወጪውን ከገቢው ላይ ከመቀነስ የዘለለ ጥቅም የለውም። ጠዋትና ማታ ብቻ ወደ ቢሮው የሚነዳው ባለ ከፍተኛ ደመወዝ በመንግሥት ገንዘብ ይደገፋል፤ ዐሥራ ሁለት ሰዓት መሪ ላይ የሚውለው ሹፌር ራስህን ቻል ይባላል።

ባቡር የሚጠብቀው የሜልበርን ምዕራብ

የወገኖቻችንን አሰፋፈር ለማያውቅ የአገር ቤት አንባቢ ጥቂት እንግለጽ። ቀደም ሲል የመጣነው አብዛኞቻችን ያረፍነው በፍሌሚንግተን፣ በኖርዝ ሜልበርንና በኬንሲንግተን በሚገኙት የመንግሥት ፎቆች ነበር። ፉትስክሬይ ደግሞ በርበሬውና እንጀራው የሚገኝባት መንደራችን ሆነች። እነዚህ ሰፈሮች ሁሉ ባቡርና ትራም አላቸው። ዓመታት ሲያልፉ፣ ኪራዩም ሲንር፣ ቤተሰቡም ሲበዛ፣ ቤት ለመግዛት የፈለገው ሁሉ ወደ ምዕራብ ጫፍ ወጣ፤ ወደ ሰንሻይንና ሴንት ኦልባንስ፣ ከዚያም ርቆ ወደ ታርኒት፣ ወደ ዊንድሃም ቬልና ወደ ሜልተን።

ቤቱ ተሠራ፤ ሕዝቡ ሰፈረ፤ ባቡሩ ግን እንደ ሕዝቡ አልሮጠም። የታርኒት ጣቢያ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በጁን 2015 ነው። በዚያ በኩል የሚያልፈው ግን የከተማው የኤሌክትሪክ ባቡር አይደለም፤ ወደ ጂሎንግ የሚሄደው በናፍጣ የሚንቀሳቀስ የክፍለ ሀገር ባቡር ነው። እስከ 2024 መጨረሻ ድረስ ቅዳሜና እሑድ በ40 ደቂቃ አንድ ጊዜ ነበር የሚመጣው። የክፍለ ግዛቱ መንግሥት በ2018 ምርጫ ዋዜማ የሜልተንንና የዊንድሃም ቬልን መስመሮች ወደ ኤሌክትሪክ ለመቀየር ዕቅድ አወጣ፤ 2025 ሲያልቅም መስመሮቹ የናፍጣ መስመሮች እንደነበሩ ነበሩ። እንግዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ለሚገዛ ግለሰብ ድጎማ ሲታደል፣ በሺሕ የሚቆጠሩ ሠራተኞችን የሚያመላልሰው ባቡር ናፍጣ ያጨስ ነበር። ኤሌክትሪክን ለመደጎም ከተፈለገ ከዚህ ባቡር የሚቀድም ምን ነበር?

የዚህ ውጤት በየቤቱ ይታያል። ባቡርና አውቶቡስ የማያስተማምን ከሆነ ባልም ሚስትም መኪና ይገዛሉ፤ ልጅ ሲያድግ ሦስተኛው ይጨመራል። የቤት ዕዳው ሳያንስ የመኪና ዕዳ፣ የመድን፣ የነዳጅና የጥገና ወጪ ይመጣል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ሀብት ምልክት ያየዋል፤ በእኛ አስተያየት ግን የአውቶቡስ እጦት የሚያስከፍለው ግብር ነው።

ለመሆኑ የኤሌክትሪክ ጉዞ ለሜልበርን አዲስ ነገር ነውን? አይደለም። በኖርዝ ሜልበርን በኩል ወደ ኤሰንደን የሚሄደው የኤሌክትሪክ ትራም ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1906 ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው 57 ቁጥር ትራም በፍሌሚንግተን ፎቆች ሥር ሲያልፍ የሚያሠራው ኤሌክትሪክ ነው፤ ከፉትስክሬይ የሚነሣው 82 ቁጥርም እንዲሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት «ዘመኑ የመኪና ነው» እየተባለ ብዙ ከተሞች ሐዲዳቸውን ሲነቅሉ፣ ሲድኒም በ1961 የመጨረሻውን የቀድሞ ትራሟን ስትሰናበት፣ ሜልበርን ግን አልነቀለችም። የትራም ቦርዱ ሊቀ መንበር የነበሩት ሮበርት ሪሰን ሐዲዱን በኮንክሪት እያስቀበሩ፣ ለመንቀል ውድ እንዲሆን አድርገው አቆዩት። ዛሬ ከተማዋ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝመው የትራም መረቧ በዓለም አንደኛ ናት። የኤሌክትሪክ መኪና የነገ ተስፋ ነው የሚሉን ሰዎች፣ ድሃውና ሀብታሙ ጎን ለጎን ቆሞ የሚሄድበት የኤሌክትሪክ ማመላለሻ ከመቶ ዓመት በላይ በፊታቸው ሲመላለስ ኖሯል።

ማመስገን በሚገባን ቦታ ደግሞ ምስጋናችንን አንነፍግም። ከመሐል ከተማ በታች የተቆፈረው አዲሱ የሜትሮ ዋሻ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 2025 ተከፍቷል፤ በሴንት ኦልባንስ፣ በሰንሻይንና በፉትስክሬይ በኩል የሚያልፈው መስመርም ተጠቃሚ ሆኗል። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በመላው ክፍለ ግዛት በሕዝብ ማመላለሻ በነፃ እንዲጓዙ ተደርጓል። አራት ልጅ ላለው ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የሕዝብ ገንዘብ ለሕዝብ ሲውል ምን እንደሚመስል ያሳያል። ይሁን እንጂ የሕዝብ ማመላለሻ ተብሎ የሚወጣ ገንዘብ ሁሉ በራሱ ፍትሐዊ ነው ማለት አይደለም። ከቼልተንሃም እስከ ቦክስ ሂል በምሥራቁ የከተማ ክፍል የሚሠራው 26 ኪሎ ሜትር የባቡር መስመር ከ30 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሚፈጅ ተገምቷል፤ የምዕራቡ ሕዝብ ደግሞ የተገባለትን የኤሌክትሪክ ባቡር እየጠበቀ ነው። ስለዚህ «መኪና ወይስ ባቡር?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ «ባቡሩስ ለየትኛው ሰፈር?» ብሎ መቀጠል ያስፈልጋል።

ወደ አገር ቤት ስንመለከት

በአገራችን የሆነው ደግሞ ከዚህ ይከፋል። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ሁለት ውሳኔዎች ተከታትለው መጡ። አንደኛው ለረጅም ዘመን የቆየውን የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ ማንሣት ነበር። ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች «የታለመ ድጎማ» በሚል ስም ጥቂት እፎይታ ቢተውላቸውም፣ እሱም እየተሸራረፈ እንዲያልቅ የታሰበ ነበር። ሁለተኛው ውሳኔ የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስ ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ ማድረግ ነበር። የጉምሩክ ቀረጡም ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመው 5 በመቶ፣ ፈጽሞ ላልተገጣጠመው ደግሞ ባዶ ሆነ። በሌላው መኪና ላይ እየተደራረበ ዋጋውን እጥፍና ከዚያ በላይ ያደርስ የነበረው ግብር ለኤሌክትሪክ መኪና ገዢ ተነሣለት። በአንድ ክረምት፣ ሚኒባስ ለሚሳፈረው ድጎማው ይቀንስ ተባለ፤ አውቶሞቢል ለሚገዛው ግብሩ ይቅር ተባለ።

ከዚያም በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን ሰማን። የሰማነውም የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶ/ር ዓለሙ ስሜ ለምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ ባቀረቡት ማብራሪያ ነው። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ክልከላ ያወጣች የመጀመሪያዋ አገር ኢትዮጵያ እንደሆነች ብዙ ተጻፈ፤ ተጨበጨበም። የአገሪቱን የንግድና የትራንስፖርት መልክ የሚቀይር ይህን የመሰለ ውሳኔ ሲወሰን ግን ነጋዴው፣ መካኒኩ፣ የታክሲ ሹፌሩና ተሳፋሪው በይፋ የተወያየበት መድረክ አልነበረም። በሜልበርን ሁለት ዜጎች በኪሎ ሜትር 2.5 ሳንቲም አልከፍልም ብለው መንግሥትን ፍርድ ቤት አቆሙ። በአገራችን ሕዝቡ አቤቱታውን ይዞ ሊቆምበት የሚችል ደጃፍ የትኛው ነው?

ለመሆኑ የግብሩ ነፃነት የደረሰው ለማን ነው? ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. በተደረገው የደመወዝ ማስተካከያ ዲግሪ ይዞ ሥራ የሚጀምር የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ 11,500 ብር ገደማ ሆኗል። ይህም በዓመት 138,000 ብር ነው። ግብሩ ተነሥቶለት ሁለት ሚሊዮን ብር የሚሸጥ መኪና ቢገኝ፣ ይህ ሠራተኛ ሳይበላና ሳይጠጣ፣ ኪራይም ሳይከፍል 14 ዓመት ተኩል ማጠራቀም ይኖርበታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ርቆበታል። ስለዚህ ግብሩ የተነሣው ከዚህ ሠራተኛ ላይ አይደለም፤ ለባለ ገንዘቡ ነው የተነሣው። ግምጃ ቤቱ ያጣው ገቢ ግን የዚህ ሠራተኛና የልጆቹም ገንዘብ ነው።

የአዲስ አበባን ሕዝብ የሚያመላልሰው ማን እንደሆነ የአደባባይ ምሥጢር ነው። ከጣሊያን ወረራ ማግሥት ጀምሮ ከተማዋን ያገለገለው አንበሳ አውቶቡስ፣ በኋላ የመጣው ሸገር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ነጭና ሰማያዊው ሚኒባስ ታክሲ ነው። ከዚያ የተረፈው ሕዝብ በእግሩ ይሄዳል። ማለዳ በሜክሲኮ፣ በመገናኛና በስታዲየም የሚታየው ሰልፍ ለአገር ቤት አንባቢ ማስረዳት አያሻውም። የአገሪቱ የዐሥር ዓመት ዕቅድ ደግሞ 148,000 ያህል የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎችን በአንድ በኩል፣ 4,800 ያህል የኤሌክትሪክ አውቶቡሶችን በሌላ በኩል አስቀምጧል። ለአንድ አውቶቡስ ሠላሳ ያህል አውቶሞቢል መሆኑ ነው። ሰልፉ ላይ የቆመው ሰው አውቶሞቢሉን አልጠየቀም፤ የጠየቀው አውቶቡሱን ነው።

የኤሌክትሪክ ማመላለሻ አገራችን አልነበራትም ማለት ደግሞ አይቻልም። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ አዲስ ታሪክ ነው ተብሎ ነበር። ወጪው 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ሲሆን፣ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። ሁለት መስመሮች፣ 39 ጣቢያዎችና 41 ባቡሮች ነበሩት፤ ሲጀመርም በጥቂት ብር ከቃሊቲ ፒያሳ፣ ከአያት ጦር ኃይሎች ያደርስ ነበር። ዐሥር ዓመት ሳይሞላው ግን ከባቡሮቹ አብዛኞቹ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። ዕዳው አልቆመም፤ የቆመው ባቡሩ ነው። በሕዝብ ስም የተበደርነው፣ በራሳችን የውሃ ኃይል የሚሠራው፣ በአንድ ጉዞ መቶዎችን የሚጭነው ባቡር መለዋወጫ አጥቶ ሲቆም፣ አንድ ሰው ለሚጭነው አውቶሞቢል የውጭ ምንዛሪ ተገኘለት። ይህን ምን እንበለው?

በዚህ ላይ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ስም ፒያሳና ካዛንችስን የመሰሉ ነባር ሰፈሮች ሲፈርሱ፣ ነዋሪዎቻቸው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛውረዋል። ሥራው፣ ገበያውና የልጆቹ ትምህርት ቤት መሐል ከተማ የቀረበት ሰው በእግሩ ይደርስበት የነበረውን ዛሬ ሁለትና ሦስት ታክሲ ይይዝበታል። የሜልበርኑ ስደተኛ ኪራይ ገፍቶት ታርኒት ወጣ፤ የፒያሳው ነዋሪ ዶዘር ገፍቶት ዳር ወጣ። ሁለቱም የሚጠብቁት አንድ ነገር ነው፤ የሚመጣ አውቶቡስ።

«ግን እኮ…» ለሚሉን

ከሚቀርቡልን መከራከሪያዎች ውስጥ ክብደት ያላቸው አሉ፤ ልናልፋቸው አንሻም። አንደኛው ኢትዮጵያ ነዳጅ አታመርትም፤ ኤሌክትሪኳ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውሃ የሚመነጭ ነው፤ ስለዚህ ወደ ኤሌክትሪክ መዞሯ ብልህነት ነው የሚል ነው። እውነት ነው። እንዲያውም በዚህ ረገድ ከቪክቶሪያ ትሻላለች፤ ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ2024 ከኤሌክትሪኳ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ያመነጨችው ከላትሮብ ሸለቆ በሚወጣው ቡናማ ከሰል ነው። ነገር ግን ያው የውሃ ኃይል አውቶቡሱንም ባቡሩንም ያንቀሳቅሳል። አንድ ሙሉ አውቶቡስ ወደ ኤሌክትሪክ ሲዞር የሚድነው ናፍጣ በቤት ደጃፍ ቆሞ ከሚውል አውቶሞቢል ጋር አይወዳደርም። የውጭ ምንዛሪ እጥረት ዋናው ምክንያት ከሆነም፣ ያችን ጥቂት ዶላር ብዙ ሰው በሚጭነው ላይ ማዋል ነው ብልህነቱ።

ሁለተኛው መከራከሪያ ሀብታሞች መጀመሪያ ካልገዙ ዋጋው ለድሃው አይወርድም የሚል ነው። በዚህም ውስጥ የተወሰነ እውነት አለ። ነገር ግን በድጎማ የምትታወቀው ኖርዌይ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2023 ዋጋው ከ500,000 ክሮነር በላይ በሆነ የኤሌክትሪክ መኪና ላይ፣ በትርፉ ዋጋ ልክ፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ መልሳ ጣለች። የነዳጅ ሀብት ያላት አገር ለቅንጡ መኪና ግብር ማንሣት አላዋጣኝም ስትል፣ ሕዝቧ አውቶቡስ ያጣ አገር በምን አቅሟ ትቀጥልበታለች?

ሌላ ምሳሌ የሚፈልግ ካለ ወደ ቻይናዋ ሼንዘን ይመልከት። ሼንዘን እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ከ16,000 በላይ የሚሆኑ የከተማ አውቶቡሶቿን በሙሉ ወደ ኤሌክትሪክ ቀየረች፤ ታክሲዎቿም ተከተሉ። የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሲያስተዳድር የነበረው ድርጅት የዚያችው ከተማ የሜትሮ ድርጅት ነበር። አገዛዙ ከሼንዘን ባቡር ነጂና አሠልጣኝ አስመጣ፤ ከሁሉ የሚበልጠውን ትምህርት፣ ማለትም ከአውቶቡስ መጀመርን፣ ግን አላስመጣም።

ሦስተኛው መከራከሪያ ስለ ኃይል ነው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ስለዚህ ኤሌክትሪኩ ሞልቷል ይባላል። ግድቡን የሠራው ገበሬው ከጎተራው፣ ሠራተኛው ከደመወዙ፣ በውጭ የምንኖረውም ከላባችን ባዋጣነው ነው። ይሁንና ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ገና የመብራት መስመር አልደረሰውም። ቦንድ የገዛው ገበሬ በኩራዝ እያመሸ፣ ኃይሉ መጀመሪያ የሚደርሰው ለባለ መኪናው ከሆነ፣ ለገበሬው ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሆኖበታል።

ምን እንጠይቅ?

ትችት ብቻውን መንገድ አይሆንም፤ ስለዚህ የምንጠይቀውን በግልጽ እናስቀምጥ።

በሜልበርን የምንኖር ድምፅ የመስጠት መብት አለን። የቪክቶሪያ ምርጫ በየአራት ዓመቱ በኖቬምበር ወር ይካሄዳል፤ የምዕራቡ ሰፈሮች ወንበርም ሁሌ የሚታመን እየመሰለ በቸልታ የሚታለፍ ነው። ዕጩ ተወዳዳሪ በማኅበረሰባችን በዓል ላይ የሐበሻ ልብስ ለብሶ እንጀራ ሲቆርስ ፎቶግራፍ ከማንሣት አልፈን፣ የሜልተንና የዊንድሃም ቬል መስመር ወደ ኤሌክትሪክ የሚዞርበትን ቀን እንጠይቀው። የፌዴራል ተወካዮቻችንንም፣ የመኪናው የግብር ነፃነት ለባለ ከፍተኛ ደመወዝ ብቻ እንዳይሆን፣ የታክሲና የኡበር ሹፌሩ የኤሌክትሪክ መኪና እንዲገዛ በዝቅተኛ ወለድ የሚበደርበት መንገድ እንዲከፈት እንወትውታቸው። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገን ደብዳቤና ስብሰባ ብቻ ነው፤ የሚያሥረን የለም።

በአገር ቤት ያለውን መንግሥት ደግሞ አራት ነገር እንጠይቀዋለን። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ለኤሌክትሪክ መኪናዎች የተተወው ግብር በየዓመቱ ስንት እንደሆነና ከዚህ ውስጥ ምን ያህሉ ለአውቶቡስና ለሚኒባስ፣ ምን ያህሉ ለግል አውቶሞቢል እንደሄደ በዝርዝር ለሕዝብ ይገለጽ። የግብር ነፃነቱ ለሕዝብ ማመላለሻ ይቆይ፤ ለቅንጡ አውቶሞቢል ግን በዋጋው ልክ ይመለስ። የተመለሰው ገንዘብ የቆሙትን ባቡሮች ለማስነሣትና የሚኒባስ ባለንብረቶች ማኅበራት የኤሌክትሪክ ሚኒባስ እንዲገዙ ለማበደር ይዋል። ከመሐል ከተማ ለተነሡት ነዋሪዎችም፣ ቤታቸውን ከማፍረስ አስቀድሞ የአውቶቡስ መስመር ይዘርጋላቸው። ከተማው ጥቂት የኤሌክትሪክ አውቶቡሶችን ማሰማራት መጀመሩ በጎ ጅምር ነው፤ ጅምሩ የበዓል ማሳያ ሆኖ እንዳይቀር ግን ጠያቂ ያስፈልገዋል።

በአገር ቤት ያላችሁ አንባብያን ይህን ለመጠየቅ የምትከፍሉት ዋጋ እኛ ከምንከፍለው እንደሚበልጥ አንዘነጋውም። ለዚህም ነው በውጭ ያለነው ድምፃችንን ከፍ ማድረግ ያለብን። የኤምባሲ ሹማምንት ለመዋዕለ ንዋይና ለቦንድ ሽያጭ ወደ ስብሰባ ሲጠሩን፣ ስለ ኤሌክትሪክ መኪናው ሲያወሩልን፣ አዳራሹ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ «ባቡሮቹስ?» ብሎ ይጠይቅ። ከመካከላችንም የኤሌክትሪክ መኪና ወደ አገር ቤት ለማስገባት ገንዘብ የሚያጠራቅሙ አሉ። አንድ ሚኒባስ በሽርክና ለመግዛት የሚያስቡ ቢበዙ፣ ለወገንም ለኪስም የሚበጅ ይመስለናል።

መኪናው ሞተሩን ለወጠ እንጂ የሚቀመጥበት ሰው አልተለወጠም። የሕዝብ ገንዘብ በመጀመሪያ መኪና የሌለውን ሰው ያሳፍር፤ የተረፈ ካለ ያን ጊዜ እንወያይበታለን።

ቸር ይግጠመን።